የዳንግላው በረንዳ አንባቢዎች

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ጉዳይ እንጅባራ ሄጄ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፣ ሲሄድም አይሰናበትም። የባጃጁ ልጅ፣ "እማማ፣ ኸዚህ በላይ ጭቃው አያሳልፈኝም" ብሎ ያወረደኝ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ነበር። ዕድሜ ልኬን ከመጻሕፍት ጋር ኖሬ ሌላ ቦታ ብጠለል ነውር ነውና ገባሁ። ገና በሩን ሳልፍ የሙጫ ሽታ ተቀበለኝ። የሱቅ ሙጫ አይደለም፤ ከስንዴ ዱቄት የተፈላ፣ ሲያድር ኮምጠጥ የሚል፣ እጅ ላይ ደርቆ የሚላጥ ሙጫ። አንዲት ልጅ ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ፊቷ ቆልላ፣ ጎንበስ ብላ በብሩሽ ትለቀልቃለች። ቀና ብላ አየችኝና በትሕትና፣ "እማማ፣ ዝናቡ እስኪያባራ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ። ወደ ውስጥ ማንበቢያ ስለሆነ ነው" አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሙጫውን ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። የተገዛው አልቆባቸው ከስልኳ ላይ አይታ ራሷ አፍልታው ነው። ስሟ ሰላማዊት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ለተግባር ልምምድ እዚህ ተመድባለች። "ምን እያጠናሽ ነው?" ስላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ደዌዋን ለሐኪም እንደምትናገር ሰው፣ "የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ" አለች። "መርጠሽው ነው?" አልኳት። "ኧረ እማማ፣ ማን ይመርጠዋል? ደርሶኝ ነው እንጂ" አለችኝ። ይቺ "ደርሶኝ ነው" የምትባል ቃል ትንሽ አናደደችኝ። "እኔ ግን መርጬው ነው" አልኳት። ብሩሿን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ማባራቱንም አላስተዋልኩ፤ ለእሷ የነገርኳትን፣ ሰዓት አጥሮኝ ያልነገርኳትንም ጨምሬ፣ እዚህ ልጻፈው።

እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ መንግሥት ሲቀየር የመማሪያ መጻሕፍት ሽፋን አብሮ የሚቀየርበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። በመጨረሻው ዓመት ክፍል ውስጥ መማሩ ይቀርና ሁላችንም በየቤተ መጻሕፍቱ ለልምምድ እንበተናለን። ልምምዱ ሲያበቃ ከኮሌጁ አንድ ገምጋሚ ይመጣል። የእሱ ቃልና ልምምድ የወጣንበት ቤት ኃላፊ ቃል ተደምሮ፣ ወይ ዲፕሎማ ነው ወይ ባዶ እጅ። ድጋሚ የሚባል ነገር አልነበረም። የክፍል ጓደኞቼ በሙሉ አሳንሰር ያለበት፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የአዲስ አበባ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት እንዲደርሳቸው ሲሳሉ፣ እኔን "አገርሽ ነው፣ ቋንቋውንም ታውቂዋለሽ" ብለው ዳንግላ መደቡኝ። ጓደኞቼ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው እየተፈራረቁ አጽናኑኝ። እኔ ግን ውስጤን ደስ ብሎታል፤ ለምን እንደሆነ ያኔ በደንብ መናገር አልችልም ነበር።

አባቴ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ አካባቢ ገበሬ ነበር። ስለ ትምህርቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ የገባው እንዲህ ነበር፤ ልጁ አዲስ አበባ ሄዳ መጽሐፍ መጠበቅ እየተማረች ነው። "ጥበቃ ከሆነ እኔስ አላንስም፤ ዱላው አለኝ፣ ውሻውም አለኝ" ይለኝ ነበር። "ሌባው ምን ዓይነት ቢሆን ነው ሦስት ዓመት የሚያስተምሩሽ?" የሰፈሩ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ይቆረቁረኝ ነበር። ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ትምህርት ቤት መጻሕፍቱን የሚያስቀምጠው በቁልፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ በመስታወቱ በኩል ጀርባቸውን ብቻ እናያለን። ያን ሣጥን የሚከፍት ሰው መሆን እፈልግ ነበር። ይህን ለአባቴ እንዴት ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ "ደሞዙ ጥሩ ነው" ብዬ አልፈዋለሁ።

የዚያን ጊዜው ዳንግላ። አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስ አድሮ በማግስቱ ቀትር ላይ ሲያራግፈን፣ መናኸሪያው ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረውም። ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል በወር አሥር ብር ተከራየሁ፤ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ከወፍጮው ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ጸጉሬ ማታ ማታ ሽበት ያበቀለ ይመስል ዱቄት ይለብሳል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር። ድንችማ ዋጋ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ገበያው ሲበተን ነጋዴዋ ተሸክማ ከምትመለስ "ውሰጂው በሞቴ" ብላ ነጠላሽ ላይ ትዘረግፈዋለች። እኔ አንድ ሽንሽን፣ ባለ ፕሊሴ ቀሚስና አንድ አረንጓዴ ሹራብ ነበረኝ። ቀሚሱን ማታ ከፍራሹ ሥር አንጥፌ እተኛበታለሁ፤ ጠዋት ከተተኮሰ ሁሉ የተሻለ ተስተካክሎ ይነሣል። መንገዱ ዳር የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በየበረንዳው ይንጫጫል። ከማዕዘኑ ላይ ደግሞ የካሴት ሱቅ ነበር፤ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ እየደጋገመ ከመልቀቁ የተነሣ ክሩ ረግቦ፣ ዘፋኙ ከሰዓት በኋላ ሲሆን የሰከረ ይመስል ነበር። ዛሬ በዚያ ማዕዘን የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ወጣቶቹ ደጁ ላይ ቆመው ኔትወርክ ይፈልጋሉ። እኔ ሳልፍ ግን እግሬ ዛሬም በዚያ ዘፈን ምት መራመድ ይቃጣዋል።

የማንበቢያው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ ያለው አንድ አዳራሽ ነበር። ወንበሮቹ ከእንጅባራ የመጡ የቀርከሃ ሥራዎች ናቸው፤ ያምራሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ግን ሰው ትንሽ ሲነቃነቅ ሲጥ ይላሉ። ይህ የኃላፊው የጋሽ አስረስ የዘወትር ራስ ምታት ነበር። ጋሽ አስረስ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ረጅም የእንጨት ማስመሪያ ይዘው ይቀመጣሉ። ሰው ሲያስል፣ ወንበር ሲጮህ፣ ተማሪ ሲንሾካሾክ ማስመሪያዋ ጠረጴዛውን ጧ ታደርገዋለች። "እዚህ ቤት ዝንብ ስትበር ይሰማል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዝንቧ ትሰማ ነበር። ከፈተና ሰሞን ውጭ ከዝንቧ በቀር ብዙ ሰው አልነበረማ።

ይህን ስል ግን ጋሽ አስረስን እንዳታሙብኝ። ኮሌጅ በቃል ያስተማረኝን በእጄ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተበጠሰ መጽሐፍ በኮርቻ ሰፊ መርፌ እንዴት እንደሚጠረዝ፣ ሙጫው ሲፈላ እንዳይጓጉል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዴት እንደሚማሰል፣ ማኅተም ሲመታ ፊደል ላይ እንዳያርፍ የት እንደሚመታ። መደርደሪያ ሳስተካክል ዓይኔን በመሐረብ አስረው፣ "ስለ ከብት በሽታ የሚያወራውን አምጪልኝ" ይሉኛል፤ እየዳሰስኩ አመጣለሁ። ስሳሳት አይቆጡም፤ "መልሽው፣ እንደገና" ነው የሚሉት። በዚህ ዓይነት ልምምድ ወጥቼ ገምጋሚ ልፈራ አይገባኝም ነበር፤ አያ ስንሻው ባይመጡ ኖሮ።

አያ ስንሻው ድንች ለመሸጥ በየገበያው ቀን ወደ ከተማ የሚመጡ ገበሬ ናቸው። አንድ ቀን ገበያቸውን ጨርሰው፣ እግራቸውን ደጅ ላይ ጠርገው፣ ዱላቸውን ከውጭ አስደግፈው ገቡ። "የንብ ነገር ያለበት መጽሐፍ አላችሁ ወይ?" አሉ። ስለ ንብ ማነብ የምትናገር ቀጭን መጽሐፍ ነበረችን፤ ሰጠኋቸው። ተቀመጡ፤ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አደረጉና፣ ደረታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ፣ በሙሉ ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ማስመሪያዋ ጠረጴዛውን መታች። አያ ስንሻው ደንግጠው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው በሹክሹክታ ሞከሩ፤ ሹክሹክታው ሳያውቁት እያደገ፣ እያደገ ሄዶ መልሶ ጩኸት ሆነ። ጧ! በሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው፣ መጽሐፏን ዘግተው በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ወጡ። እንደማይመለሱ ከአካሄዳቸው ገባኝ።

ተከትያቸው ወጣሁ። የገበያተኛው ፈረሶች ከሚታሰሩበት ሜዳ ላይ፣ የበቅሏቸውን መጫኛ ሲያጠብቁ ደረስኩባቸው። በአገውኛ ነበር ያወራነው። "አያ ስንሻው፣ ምነው ሳይጨርሱ?" አልኳቸው።

"እንግዲህ ምን ላድርግ ልጄ" አሉኝ፣ ገመዱን ሳይለቁ። "እኔ ፊደል የቆጠርኩ የኔታ ደጅ ነው። እዚያ ድምፁ የማይሰማ ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል ተብሎ ይገረፍ ነበር። በልጅነቴ ዝም ስል ተገረፍሁ፤ አሁን በስተርጅና ድምፅ ሳሰማ ጠረጴዛ ይመታብኛል። አፌ ሲዘጋ ዓይኔም አብሮ ነው የሚዘጋ።"

አባቴ ሌሊት ተነሥቶ ዳዊት ሲደግም ድምፁ ነበር ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። በእኛ አገር ማንበብ ማለት የሚሰማ ነገር ነበር። ከእኛ ሰው ስንቱ እንዲህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ አንዴ ጠረጴዛ ተመትቶበት፣ "ይኸ ለእኛ አይደለም" ብሎ እንደወጣ አሰብኩ። ዲፕሎማውን አግኝቼ ቁም ሣጥኑን የምከፍተው ለማን ነው? ተናድጄ ነበር፤ በጋሽ አስረስም አይደለም፣ በማንም አይደለም፣ ዝም ብዬ ተናድጄ ነበር። "በሉ ይመለሱ" አልኳቸው። "በቅሎዋን መልሰው ይሰሯት።"

ሁለት የቀርከሃ ወንበሮች አወጣሁና በረንዳው ላይ አኖርኳቸው። አያ ስንሻው ካቆሙበት ቀጠሉ። ጋሽ አስረስ ወጥተው ከደጁ ላይ ቆሙ። "እናትነሽ፣ ኮሌጁ የላከሽ ቤቴን ገበያ ልታደርጊው ነው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ በረንዳው ቤት አይደለም" አልኩ።

ወደ ታች፣ ወደ በሩ ደፍ ተመለከቱ። "እንግዲያ ስሚ" አሉኝ። "ኸደፉ ወዲህ የኔ ነው፣ ኸደፉ ወዲያ ያንቺ። ጩኸቱ ደፉን ተሻግሮ ተማሪ ከረበሸ ግን፣ ለገምጋሚው የምሰጠው ቃል ምን እንደሚሆን አንቺው ታውቂዋለሽ።" ገብተው መስኮቱን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራት ሰላማዊት ሥራዋን ትታ ነበር የምትሰማኝ፤ ብሩሹ ቆርፍዶ ቀረ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አያ ስንሻው ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ፊደል የማይለየው ጎረቤታቸው በአማርኛ የተነበበለት አልገባው ሲል፣ አያ ስንሻው አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ያነቡና በአገውኛ ይፈቱታል፣ ሌላውን ያነቡና ይፈቱታል። አላፊ አግዳሚው ቆመ። ድንች የሸጠው፣ ገና ያልሸጠውም ጆንያውን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። የንቡ መጽሐፍ አልቆ ሌላ ጠየቁኝ፤ የከብት በሽታ፣ የአዝመራ፣ ከዚያ የተረት መጽሐፍ፣ ከዚያ የሩቅ አገር ሕዝቦች ኑሮ። አንዲት ወይዘሮ ጥሩወርቅ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ቅሏን አቅፋ ከፊት ትቀመጥና የማትስማማበት ነገር ሲነበብ፣ "እስቲ መልሰህ በላት እቺን" ትላለች። አያ ስንሻው መልሰው ያነቡላታል። "አሁንም ያው ነው የሚል?" ትላለች። አንዳንድ ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ ክርክሩ ይረዝም ነበር። እኔም ከውስጥ ስሠራ ጆሮዬ ውጭ ነው። ተማሪዎቹም መስኮቱን በስንጥቅ ያህል ከፈት እያደረጉ እንደሚሰሙ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ገምጋሚው የሚመጣበት ቀን ተነገረን፤ ሆነና የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ጋሽ አስረስ ገምጋሚውን ከመናኸሪያ ለመቀበል ጃንጥላቸውን ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩና፣ እንደ ኃላፊ ሳይሆን እንደ አባት፣ "ልጄ፣ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ በረንዳው ዝም ይበል። ያንቺው እንጀራ ነው" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት። ቀሚሴን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼበታለሁ፤ መደርደሪያው ላይ አንድ መጽሐፍ እንኳ ከመስመር የወጣ አልነበረም። ዲፕሎማው እጄ ላይ ነው ማለት ይቻል ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ገበያው ተበተነ፤ ሰው በየቆርቆሮው ሥር ገባ። አያ ስንሻውና ሰዎቻቸው ግን እየሮጡ ወደ እኛ በረንዳ መጡ። ዝናቡ በንፋስ እየተገፋ በረንዳውን ያጥበዋል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ወጥቼ ነገሩን ልነግራቸው ስል አያ ስንሻው ቀደሙኝ። "እንግዳ እንዳለብሽ ሰምተናል። ሥራሽን አናበላሽብሽም፤ ይኸን ልመልስ ብዬ ነው" አሉና ከጋቢያቸው ውስጥ፣ ከደረታቸው ላይ፣ ያለፈው ሳምንት ያዋስኳቸውን መጽሐፍ አወጡ። እሳቸው ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰዋል፤ ውኃው ከጺማቸው ይንጠባጠባል። መጽሐፉ ግን ደረቅ ነበር፤ ስቀበላቸው የገላቸው ሙቀት አለበት።

ሳልፈራ ቀርቼ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ተማሪዎች ናቸው፤ ወደ እነሱ ዞሬ፣ "እነዚህ ሰዎች ቢገቡ ትፈቅዳላችሁ?" አልኳቸው። አንዱ ፈገግ ብሎ፣ "እትዬ፣ ያለፈው ሳምንት ተረቱን መካከል ላይ ነው ያቆሙት፤ ፍጻሜውን እኛም አልሰማንም" አለኝ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። መጽሐፉን ለአያ ስንሻው መለስኩላቸው። ገቡ፤ ደፉን ሲሻገሩ ሁሉም እግራቸውን አነሣ ያደርጉ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው። አያ ስንሻው ከመካከል ተቀመጡና በዚያ በተለመደው ድምፃቸው ጀመሩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ያንጎደጉዳል፤ እሳቸው ዝናቡን አሸንፈው ያነባሉ።

ጋሽ አስረስና ገምጋሚው የደረሱት ተረቱ መካከል ላይ ነው። ገምጋሚው ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው የረጠቡ ሰው ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው የእርጥብ ጋቢ ሽታውን፣ ጆንያውን፣ የቅቤ ቅሏን፣ የሚጮኸውን ሰውዬ አዩ። "ይህ ቤተ መጻሕፍት ነው ወይስ ገበያ?" አሉኝ።

"ቤተ መጻሕፍት ነው" አልኩ። "ገበያው ዝናብ ሲመታው ወደ እኛ ገብቶ ነው።"

የጋሽ አስረስን ፊት ለማየት አልደፈርኩም። ገምጋሚው ወደ አዳራሹ ኋላ ሄዱና አንዱ የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጥጥ አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወዲያው ዞረች። ማን እንደሆኑ አታውቅም፤ ጣቷን ከአፏ ላይ አድርጋ፣ "አንተ ሰውዬ፣ እየሰማን እኮ ነው" አለቻቸው። ሁሉም ሰው ዞሮ ተመለከታቸው። ገምጋሚው ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ ተረቱ እስኪያልቅ ድረስም ቦርሳቸውን አቅፈው ሳይነቃነቁ ቆዩ። ያኔ ነው እኔም ያስተዋልኩት። ከአያ ስንሻው ድምፅ በቀር በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዲት ኮሽታ አልነበረችም። ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሰማው።

ዝናቡ አባርቶ ሰው ሲበተን ፈተናዬ ተጀመረ። ይህን አምጪ፣ ያን አምጪ፤ ይህ ለምን እዚህ ተቀመጠ፣ ያ ለምን እዚያ። ሁሉንም መለስኩ፣ ሁሉንም አመጣሁ። መጨረሻ ላይ ገምጋሚው ወደ ጋሽ አስረስ ዞሩ፤ "የእርስዎ ቃል ግማሹ ነው። ምን ይላሉ?" አሏቸው።

"አስቸግራኛለች" አሉ ጋሽ አስረስ። "ያልኳትን አትሰማም። ዛሬ እንኳ ዝም ይበል ያልኳትን በረንዳ እቤት አስገብታ ጠበቀችኝ።" እሳቸው ማስመሪያቸውን አንሥተው አገላበጧት። "ነገር ግን እኔ እዚህ ቤት በቺ ማስመሪያ ስንት ዘመን ጠረጴዛ ስመታ ኖርሁ። ዛሬ የቅቤ ነጋዴ ኸኔ በላይ ጸጥታ ስታስከብር በዓይኔ አየሁ። ለኔም አስተማሪ የምትሆን ልጅ ናት። ጡረታ ስወጣ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጥ አትበሉኝ።"

ገምጋሚው ብዙ ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ አላየሁም። ቦርሳቸውን ቆልፈው ሲነሡ ግን፣ "ዲፕሎማሽን መጥተሽ ውሰጂ" አሉኝ። ያን ማታ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ዱቄት በለበሰች ክፍሌ ውስጥ ለብቻዬ ያለቀስኩትን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። አባቴ የሰማ ዕለት፣ ግምጃ ቤት ገበያ መካከል ቆሞ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም፣ "የዳንግላ መጽሐፍ በሙሉ የሚታዘዘው ልጄን ነው" እያለ ሲያወራ እንደዋለ ነገሩኝ። አሁንም አልገባውም ነበር፤ እኔ ግን ዳግመኛ ላርመው አልፈለግኩም።

ሰላማዊት "ከዚያስ?" አለችኝ። ከዚያማ ኖርኩበት። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሲመደቡ እኔ ዳንግላን ጠይቄ ተመለስኩ፤ ጸጉሬም በዱቄት ሳይሆን በእውነት ሸበተ። ዛሬ ወደ ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት ብገባ ወጣቱ ሁሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ተደፍቷል፤ ጋሽ አስረስ ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉት ጸጥታ በራሱ ጊዜ መጣ። ጥሩ ነው፣ አልከፋኝም። ግን በእኔ ጊዜ በዚያ በረንዳ ላይ ስንቱ ገበሬ፣ ስንቷ ነጋዴ መጽሐፍ የእኔም ነው ብሎ እንደተቀመጠ እኔ አውቃለሁ። ስንት የአያ ስንሻው አድማጭ ልጁን ትምህርት ቤት እንዳስገባ፣ ከነዚያ ልጆች ስንቱ ተመልሶ መጥቶ "እትዬ እናትነሽ" እንዳለኝ እኔ አውቃለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ኩራት ከሆነም ይሁን።

አንዱን ነገር ግን ለሰላማዊት የነገርኳት መጨረሻ ላይ ነው። ጋሽ አስረስ ጡረታ የወጡ ዕለት ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ ካኪ ኮታቸውን እንደቆለፉ ሄዱ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠዋት፣ በረንዳው ገና ባዶ ሳለ፣ በሩን ስከፍት ደጅ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እንደ ማንኛውም አንባቢ መጽሐፍ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ወደ አዳራሹ ይገባሉ ብዬ ገለል ስልላቸው፣ ዞረው ወደ በረንዳው ሄዱና ተቀመጡ። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አደረጉ። ከዚያ ደረታቸው ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመረ፣ ድምፃቸውም ወጣ፤ መጀመሪያ የሻከረ፣ ቀጥሎ እየጠራ የሄደ፣ ከአያ ስንሻው የማይተናነስ ትልቅ ድምፅ። እሳቸውም የየኔታ ደጅ ልጅ ነበሩ። እዚያ ቤት በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ በማስመሪያዋ መጀመሪያ ዝም ያሰኙት የራሳቸውን ድምፅ ኖሯል።

ተማሪዎች አዳራሹ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ አንዱን ገጽ ጨርሰው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "እናትነሽ፣ ውስጥ ያሉትን ድምፄ ይረብሻል ወይ?" አሉኝ።

"ይረብሻል ጋሼ" አልኳቸው። "ግን ያንብቡ።"

መስኮቱን ዘጋሁላቸውና ወደ ሥራዬ ገባሁ።